በቤት የሚሰጥ የታሪክ ትምህርትና የሁለተኛው ምስክር ጥያቄ፦ ከቀፊራ የሚነሣ የሥርዓተ ትምህርት ዕቅድ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ ልጆቻቸውን በቤታቸው ታሪክ የሚያስተምሩ ወላጆች የራሳቸውን ሥርዓተ ትምህርት እንዴት ሊነድፉ እንደሚችሉ ይመረምራል። የመከራከሪያ ነጥቡ አንድ ነው። በቤት የሚሰጥ የታሪክ ትምህርት ዋነኛ ስጋት የመጽሐፍ ወይም የመምህር እጥረት ሳይሆን የተለየ ትዝታ ይዞ የሚመጣ ሰው በትምህርቱ ላይ አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ሲነደፍ ሁለተኛው ምስክር ከመነሻው ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ለዚህም የድሬዳዋው የቀፊራ ገበያና አካባቢው እንደ መነሻ ተወስዶ የዓላማ፣ የይዘት፣ የቅደም ተከተልና የምዘና ሐሳብ ቀርቧል። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የቤት ውስጥ ትምህርት፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ አፋዊ ታሪክ፣ የምንጭ ሂስ፣ ቀፊራ

1. መግቢያ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ተሐዋሲ ተጠቂ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚሰጡ ትምህርቶች ቢጀመሩም ልጅን አስቀምጦ የማስተማሩ ኃላፊነት በወላጅ፣ በታላቅ ወንድምና እኅት፣ አቅሙ ባለበት ቤትም በአስጠኚ ላይ ወደቀ። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ። ነገር ግን ጥያቄው አልተዘጋም። ወላጅ በቤቱ ሒሳብ ሲያስተምር የመማሪያ መጽሐፉን ተከትሎ መሄድ ይችላል፤ ታሪክ ሲያስተምር ግን ከመጽሐፉ በፊት የራሱ ትዝታ፣ የአባቱ ወግና የሰፈሩ ቅሬታ ይቀድሙታል።

በቤት ታሪክ ማስተማር ለአገራችን አዲስ አይደለም። የሶማሌ ልጅ አብቲርሲ እየቆጠረ የአባቶቹን ስም በቃሉ ይይዛል። በሌላውም ዘንድ ዘርን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ማወቅ ለጋብቻም ለርስትም የሚፈለግ ዕውቀት ነበር። የቄስ ትምህርት ቤትና የቁርአን ቤትም ንባብን ከቅዱሳን ታሪክ ጋር አያይዘው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ስለዚህ የቤት ሥርዓተ ትምህርት የሚነደፈው በባዶ ሰሌዳ ላይ አይደለም። ቤት ቀድሞውኑ የታሪክ ትምህርት ቤት ነው፤ የጎደለው ትምህርቱ ራሱን የሚመረምርበት ሥርዓት ነው።

በመደበኛው ሥርዓተ ትምህርት ታሪክ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ የሚሰጠው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ባሉት ክፍሎች በአካባቢ ሳይንስና በኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ ተካትቶ ይቀርባል። ልጁ በአማካይ 15 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያለፈውን ዘመን በዋናነት የሚማረው ከቤቱና ከአካባቢው ነው ማለት ነው። የቤት ዕቅድ ፋይዳም ከዚህ ይመነጫል፤ ትምህርት ቤት ለማይሄዱ ልጆች ብቻ ሳይሆን በክረምትና በትርፍ ጊዜያቸው በቤታቸው ለሚያጠኑም ያገለግላል።

2. የችግሩ ምንነት

በአንድ የድሬዳዋ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ 50 ተማሪዎች 50 አያቶች አሏቸው። መምህሩ አንድን ክስተት አንድ ወጥ አድርጎ ቢያቀርብ እንኳ ከኋላ ወንበር «አያቴ እንዲህ አላሉም» የሚል ልጅ ሊነሣ ይችላል። ያ ልጅ ሳያውቀው የታሪክ ሙያን መሠረታዊ ተግባር ይፈጽማል፤ ምንጭን በምንጭ ይሞግታል። በቤት ውስጥ ግን አያት አንድ ነው። ተራኪው፣ ፈራጁና ፈታኙ አንድ ሰው በሚሆንበት ቤት ልጁ የሚሰማው ሁሉ እውነት ይመስለዋል። ኋላ ከቤቱ ውጭ ሌላ ትረካ ሲያጋጥመው፣ ወይ የቤቱን ሁሉ ውሸት አድርጎ ይጥለዋል፣ ወይም የሌላውን ሁሉ ጠላት አድርጎ ያየዋል።

ይህ በተለይ ልዩ ልዩ ቋንቋና እምነት ያላቸው ሰዎች ጎን ለጎን በሚኖሩበት ከተማ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በድሬዳዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማራቸው ተገቢ ነው፤ ሆኖም በአንድ መንደር እያደጉ በልዩ ልዩ ክፍል መቀመጣቸው አንዱ የሌላውን ትዝታ የሚሰማበትን አጋጣሚ ይቀንሳል። ቤት በዚህ ላይ ሌላ ግድግዳ ሊጨምር ይችላል፤ በጥንቃቄ ከታቀደ ግን በር ሊከፍትም ይችላል።

3. ቀፊራ ለምን ተመረጠ?

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከስፍራው ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። የደቻቱ ወንዝ አሸዋማ መውረጃ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል ቀጥ ያሉ፣ በዛፍ የተጠለሉ መንገዶች ያሉት፣ በባቡር ኩባንያው ዙሪያ በፕላን የተሠራው ከዚራ ይገኛል። በሌላው በኩል ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉት መጋላ አለ። የቀፊራ ገበያ የሚገኘው በዚሁ በመጋላ በኩል ሲሆን፣ ቅስት ባላቸው በሮቹ ይታወቃል። ከገጠር የሚመጡ የኦሮሞና የሶማሌ ሴቶች፣ የሐረሪ፣ የአማራ፣ የጉራጌና የዐረብ ዝርያ ያላቸው ነጋዴዎች በአንድ ጥላ ሥር ይገበያዩበታል።

ለሥርዓተ ትምህርት ነዳፊ የቀፊራ ጥቅም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ዕቃው ራሱ ምንጭ ነው፤ ቅመም፣ ጨርቅ፣ ቡናና ጨው እያንዳንዳቸው የመጡበት መንገድ አላቸው፣ መንገዱም ታሪክ አለው። ሁለተኛ፣ ቋንቋው ምንጭ ነው፤ ልጁ አንድን ዕቃ በአራት ቋንቋ ሲጠራ ሲሰማ የትኛው ስም ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ በቤት የጠፋው ሁለተኛ ምስክር በገበያው ይገኛል። ወላጅ ለመሸመት በሚሄድበት በዚያው ሰዓት ልጁ ከራሱ አያት የተለየ አያት ሊሰማ ይችላል።

4. ዓላማውን መወሰን

ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ሥራ ሥርዓተ ትምህርት የሚነድፍ ሰው አራት ጥያቄዎችን እንዲመልስ ይጠይቃል፤ ምን ዓላማ ይዘናል? ወደ ዓላማው የሚያደርሱት የትምህርት ልምዶች የትኞቹ ናቸው? እንዴት ይደራጃሉ? መድረሳችንንስ በምን እናውቃለን? ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ጥያቄ ይጀምራሉ፤ «የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?» ይላሉ። ቅደም ተከተሉ ግን ከዓላማ ይነሣል።

ለዓላማው የሚበቃ ሐሳብ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው ሥራቸው እውነተኛ ታሪክ ለመጻፍ ሦስት ስጦታዎች እንደሚያስፈልጉ ያስረዳሉ፤ የተደረገውን የሚያስተውል ልቡና፣ በተደረገው ላይ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያስተዋሉትንና የፈረዱትን አጥርቶ የሚገልጽ የቋንቋ ችሎታ። እኚህ ሰው እስከ ዕረፍታቸው፣ ማለትም እስከ 1911 ዓ.ም. ድረስ በነበሩት የመጨረሻ ዓመታት በዚችው በድሬዳዋ በነጋድራስነት አገልግለዋል። የጉምሩክና የገበያ ሹም የነበረ ሰው ስለ ታሪክ አጻጻፍ ያነሣው ሐሳብ ለቀፊራ ልጅ ቅርብ ነው።

ሦስቱ ስጦታዎች ወደ ሦስት የትምህርት ዓላማዎች ሊመለሱ ይችላሉ። በማስተዋል ረገድ ልጁ አንድን ዕቃ፣ ሕንፃ ወይም ንግግር ተመልክቶ ያየውን ከገመተው ለይቶ ይመዘግባል። በፍርድ ረገድ ስለ አንድ ጉዳይ ቢያንስ ሁለት ምንጮችን አነጻጽሮ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ያሳያል። በአገላለጽ ረገድ የደረሰበትን በቃልና በጽሑፍ ያቀርባል፤ «ይህን ያልኩት ከዚህ ተነሥቼ ነው» ማለትንም ይለምዳል። በዘመናዊው የታሪክ ማስተማር ጥናት ሳም ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1991 ባቀረበው ጥናት የታሪክ ባለሙያዎች ሰነድ ሲያነቡ ጸሐፊውን መለየት፣ ዘመኑን ማገናዘብና ከሌላ ሰነድ ጋር ማመሳከር የሚሉ ልማዶችን እንደሚከተሉ አሳይቷል። የሁለቱ ሐሳቦች መቀራረብ ግልጽ ነው።

5. ይዘትና ቅደም ተከተል

ጀሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው ጠመዝማዛ ሥርዓተ ትምህርት አንድ ጉዳይ በልጅነት በቀላሉ ተጀምሮ በየደረጃው እየጠለቀ ተመልሶ እንዲመጣ ይመክራል። ይህ አደረጃጀት ለቤት ይስማማል፤ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ወንድምና እኅት በአንድ ጉዳይ ላይ አብረው ሊሠሩ ይችላሉና። በዚህ መሠረት ሦስት ደረጃዎች ቀርበዋል።

የመጀመሪያው ደረጃ ከ7 እስከ 9 ዓመት ላሉት ነው። ጉዳዩ ጊዜ ነው። ልጁ የራሱን፣ የወላጁንና የአያቱን ዕድሜ በአንድ የጊዜ መስመር ላይ ያስቀምጣል፤ «ድሮ» የሚለው ቃል 5 ዓመት ወይም 100 ዓመት ሊሆን እንደሚችል ይገነዘባል። በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ያለውን የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት በዚህ ደረጃ መጀመር ይጠቅማል። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰበት ዓመት በአንዱ መጽሐፍ 1895፣ በሌላው 1902 ተብሎ መጻፉ ስሕተት እንዳልሆነ ማወቅ የምንጭ ሂስ የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ከ10 እስከ 12 ዓመት ላሉት ሲሆን ጉዳዩ ከተማና አካባቢ ነው። በአምስት ምዕራፎች ሊከፈል ይችላል። አንደኛው ምዕራፍ ከጽሑፍ በፊት ያለውን ዘመን በፖርክ ኤፒክ ዋሻና በለጋ ኦዳ የዋሻ ሥዕሎች አማካይነት ያቀርባል። ሁለተኛው የሐረርንና የዘይላን የሲራራ ንግድ፣ የግብፆችን የሐረር ይዞታ (1868–1877) እና የ1879ኙን የጨለንቆ ጦርነት ይይዛል። ሦስተኛው የባቡሩ ዘመን ነው። አራተኛው የጣሊያንን ወረራ፣ ከ1928 እስከ 1933 ያለውን ጊዜ ያጠናል። አምስተኛው የሶማሊያ ጦር በ1969 እስከ ከተማዋ የደረሰበትን ውጊያና የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ጨምሮ ሕያው ምስክር ያለውን የቅርብ ዘመን ይመለከታል።

ሦስተኛው ደረጃ ከ13 እስከ 15 ዓመት ላሉት ነው፤ ጉዳዩም አገርና ዓለም ነው። ልጁ በሁለተኛው ደረጃ ያየውን ሐዲድ እንደገና ያነሣል፤ አሁን ግን ጥያቄው ይሰፋል። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 መከፈቱ የቀይ ባሕርን ጠረፍ ለአውሮፓ ኃያላን ምን አደረገው? ከዐድዋ ድል በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ከፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝና ከጣሊያን ጋር ሲደራደር ባቡሩ ምን ቦታ ነበረው? በዚህ ደረጃ የተክለ ጻድቅ መኩሪያና የባሕሩ ዘውዴ ሥራዎች ከትምህርት ሚኒስቴር መጽሐፍ ጎን ለጎን ሊነበቡ ይችላሉ። ልጁ ሦስቱ መጻሕፍት ለአንድ ክስተት የሰጡትን ስፍራና ምክንያት ያነጻጽራል።

6. ናሙና ምዕራፍ፦ «ባቡሩ ሐረርን ለምን ተወ?»

የሁለተኛው ደረጃ ሦስተኛ ምዕራፍ በዘጠኝ ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ40 ደቂቃ እንዲሰጥ ታስቧል። እያንዳንዱ ምዕራፍ በርዕስ ሳይሆን በጥያቄ ቢጀምር ይመረጣል፤ ርዕስ ልጁን ወደ ማስታወስ ይመራዋል፣ ጥያቄ ግን ማስረጃ ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ልጁ ካርታ ያነባል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ድሬዳዋ ግን በ1,200 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ባቡር ዳገት የሚወጣው በዝግታና በብዙ ወጪ ነው። ልጁ ከተራራው ሥር የሚያልፈውን መስመር በጣቱ ሲከተል ጥንታዊቷ የንግድ ከተማ በሐዲዱ የታለፈችበትን ምክንያት ራሱ ይደርስበታል።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የሰዎች ውሳኔ ይጠናል። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔም አጋሩ ነበር። የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በገንዘብ ችግርና በኃያላን መንግሥታት ሽኩቻ ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው፣ አንድ ከተማ የሐዲድ መጨረሻ ሆኖ ሲቆይ ምን ያገኛል የሚለው ነው። ዕቃ የሚራገፈው፣ ግመል የሚጫነው፣ ቀረጥ የሚከፈለው በዚያ ነውና።

በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ልጁ ከወላጁ ጋር ከዚራንና መጋላን በእግር ይጎበኛል፤ የመንገዶቹን ቅርጽ በወረቀት ይነድፋል፤ «ይህን ማን አቀደው? ለማን?» ብሎ ይጠይቃል። በሰባተኛው ሳምንት ሁለት አረጋውያን ይጠየቃሉ፤ አንዱ በምድር ባቡር ያገለገለ፣ ሌላዋ በቀፊራ የነገደች ቢሆኑ መልካም ነው። ከሁለቱ አንዳቸው ከልጁ ቤተሰብ የተለየ ቋንቋ ወይም እምነት ያላቸው መሆናቸው የዕቅዱ ግዴታ ነው። በስምንተኛው ሳምንት በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ይነሣል። የአሮጌው ጣቢያ በመሀል ከተማ፣ የአዲሱ ከመሀል ከተማ ውጭ መሆኑ ለገበያው ምን ለውጥ አመጣ? ዘጠነኛው ሳምንት የጽሑፍ ሳምንት ነው።

7. አከራካሪ ጉዳዮችና የሁለት ምስክር ደንብ

በአገራችን የሙግት ልማድ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ነገር አይጸናም። በዚህ ዕቅድ ውስጥም ደንቡ ያው ነው፤ አንድ ክስተት በአንድ ምንጭ ብቻ «ተማርነው» አይባልም። የጨለንቆ ጦርነት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የአፄ ምኒልክ ዜና መዋዕል ክስተቱን ከሸዋ ቤተ መንግሥት አንጻር ይተርከዋል፤ በሐረሪዎች ትዝታ ግን ይኸው ቀን የአሚር አብዱላሂ መንግሥትና የከተማዋ ነፃነት ማብቂያ ነው። ወላጁ አንዱን አስተምሮ ሌላውን ቢተው ልጁ ከቀፊራ ጓደኛው ጋር ሲገናኝ የሚናገረው ቋንቋ ያጣል። ሁለቱንም ሲያቀርብ ግን ፍርዱን ለልጁ መተው ብቻ አይበቃም፤ ተራኪው ማን እንደሆነ፣ መቼና ለማን እንደተናገረ አብሮ ማስጠናት ይገባል። ሁለት ትረካ መኖሩ ሁለቱም እኩል ትክክል ናቸው ማለት አይደለም፤ የተፈጸመው ድርጊትና የተሰጠው ትርጉም ተለይተው ይመረመራሉ ማለት ነው።

አፋዊ ምንጭም እንዲሁ ሂስ ያስፈልገዋል። ጃን ቫንሲና እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ሥራ አፋዊ ትውፊት እንደ ጽሑፍ ሰነድ ሊመረመር የሚችል ምንጭ መሆኑን አስረድቷል። ልጁ አረጋዊን አክብሮ እያደመጠ «ይህን በዓይንዎ አዩት ወይስ ሰሙት?» ብሎ በትሕትና መጠየቅን ይማራል። ጥያቄው ክብርን የሚነካ የሚመስላቸው ወላጆች ይኖራሉ፤ ምስክርን አጣርቶ መስማት ግን ለቃሉ ዋጋ መስጠት ነው።

ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ነጥብ አለ። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የ1969ኙም ጦርነት በብዙ ቤት ያልሻረ ቁስል ትቷል። ልጅን ወደ እንዲህ ያለ ትዝታ የሚልክ ወላጅ አስቀድሞ ራሱ ሄዶ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ተናጋሪው ካልፈለገ ይቅር፤ ስሙም ያለ ፈቃዱ አይመዝገብ።

8. ምዘናና የዕቅዱ ወሰን

በቤት የሚማር ልጅም ኋላ በ6ኛ፣ በ8ኛና በ12ኛ ክፍል ፈተናዎች በኩል ያልፋል። ስለዚህ ዕቅዱ መደበኛውን መጽሐፍ አይተካም፤ በየምዕራፉ መጨረሻ የመጽሐፉ ተዛማጅ ክፍል ይነበባል፣ ጥያቄዎቹም ይሠራሉ። ከዚህ በተጨማሪ ሦስት መመዘኛዎች ቀርበዋል። አንደኛው ልጁ ዓመቱን ሙሉ የሚያሳድገው የጊዜ መስመር ነው። ሁለተኛው የሥራ ማኅደር ሲሆን ንድፎቹንና የቃለ መጠይቅ ማስታወሻዎቹን ይይዛል። ሦስተኛው የቃል ፈተና ነው፤ ልጁ ከምዕራፉ አንድ መደምደሚያ መርጦ ወላጁ ባልሆነ ሰው ፊት ይሟገትለታል። ፈታኙ ከሌላ ቤት መምጣቱ የመምህርነትና የዳኝነት ሥልጣን በአንድ እጅ እንዳይሆን ያደርጋል።

የዕቅዱ ወሰንም ግልጽ ነው። ቀኑን ሙሉ በጉልት ለምትውል እናት በሳምንት 80 ደቂቃ ቀላል አይደለም፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅም የመጻሕፍት ንጽጽሩ ከአቅሙ በላይ ነው። ለእንዲህ ያሉ ቤቶች ሁለት መፍትሔዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው ሦስት ወይም አራት ጎረቤቶች ተራ ገብተው በጋራ ማስተማራቸው ነው፤ ይህ ጊዜን ከመቆጠቡም በላይ የልዩ ልዩ ቤቶችን ትዝታ ያገናኛል። ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲው የታሪክ ትምህርት ክፍል ያሉ ተማሪዎች ሰነዶችን በሦስቱ የከተማዋ ቋንቋዎች በአጭሩ አዘጋጅተው ለቤቶች ቢያቀርቡ ነው። ማንበብ የማይችለው ወላጅ ግን ያለ ድርሻ አይቀርም፤ በሰባተኛው ሳምንት ከጎረቤት ለሚመጣው ልጅ ሁለተኛው ምስክር እርሱ ነውና።

9. ማጠቃለያ

በቤት ታሪክ ለማስተማር የሚነሣ ወላጅ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን አውቃለሁ?» የሚለውን ሳይሆን «ከእኔ ሌላ ማን ይናገራል?» የሚለውን ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ምስክር በዓላማ፣ በይዘት፣ በቃለ መጠይቅና በምዘና ውስጥ በደንብ ደረጃ አስገብቷል። ቀፊራ ምሳሌ ናት፤ ሐረር የጁገልን በሮች፣ ጎንደር ቅዳሜ ገበያን፣ አዲስ አበባ መርካቶን መነሻ ልታደርግ ትችላለች። ዕቅዱ በተግባር ተፈትኖ እንዲሻሻል በተወሰኑ ቤቶች ለአንድ የትምህርት ዓመት መሞከርና የልጆቹን የሥራ ማኅደር በትምህርት ቤት ከሚማሩ እኩዮቻቸው ሥራ ጋር ማነጻጸር ቀጣዩ የጥናት እርምጃ ሊሆን ይገባል።